በአደጋ ለተጎዳ ጥርስ ከኢንሹራንስ ክፍያ ማግኘት፦ በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖች ዝርዝር መመሪያ

አሜሪካ ውስጥ ጥርሱ በአደጋ የተሰበረ ወይም የወለቀ ሰው ክሊኒክ ሲገባ መጀመሪያ የሚያወጣው የጥርስ ኢንሹራንስ ካርዱን ነው። ብዙ ሰው የሚጎዳውም እዚያው ላይ ነው። የጥርስ ኢንሹራንስ በዓመት የሚከፍለው ጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ነው፤ አንድ ሩት ካናል (የጥርስ ነርቭ ሕክምና) እና አንድ ክራውን (ጥርስ ላይ የሚደረግ ሰው ሠራሽ ሽፋን) ብቻ ይጨርሱታል፣ ቀሪው ከኪስ ይወጣል። በአደጋ የተጎዳን ጥርስ የመክፈል ኃላፊነት ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወድቀው በሌላ ላይ ነው፦ በአሠሪው፣ በመኪና ኢንሹራንስ ወይም በጤና ኢንሹራንስዎ ላይ። ይህን ሳያውቁ ዕዳ ውስጥ የገቡ ወገኖችን በጥርስ ክሊኒክ የሂሳብ ሥራዬ ላይ ስለማገኝ ነው ይህን የምጽፈው። የክልል ሕግ በሚያስፈልግበት ቦታ ብዙዎቻችን የምንኖርባቸውን ሜሪላንድን፣ ቨርጂኒያንና ዋሽንግተን ዲሲን ምሳሌ አደርጋለሁ።

ደረጃ 1፦ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

ከገንዘቡ በፊት ጥርሱ ይቅደም። የወለቀው ቋሚ ጥርስ ከሆነ ነጩን ክፍል ይዘው ያንሱት፤ ሥሩን አይንኩት፣ አይፈትጉት። ከቆሸሸ በወተት ወይም በቀዝቃዛ ውኃ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ያለቅልቁትና ወደ ቦታው መልሰው ንጹሕ ጨርቅ ነክሰው ይሂዱ። መመለስ ካልቻሉ ወተት ውስጥ ከተው ይዘውት ይሂዱ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሐኪም ዘንድ የደረሰ ጥርስ የመትረፍ ዕድሉ ከዘገየው እጅግ ይበልጣል። የሕፃን የወተት ጥርስ ግን በፍጹም ወደ ቦታው አይመለስም፤ ከሥር የሚበቅለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ይችላል። ራሱን የሳተ፣ መንጋጋው አልገጥም ያለ ወይም ደሙ አልቆም ያለ ሰው በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

ድንገተኛ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ጥርስ አይጠግንም። የዚያን ቀን መዝገቡ ግን ለክሌሙ፣ ማለትም ለክፍያ ጥያቄው፣ የመጀመሪያው ምስክር ነው። ከአደጋው ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው፣ ኢንሹራንሱ «በመሐሉ ሌላ ነገር እንዳልደረሰበት በምን እናውቃለን?» ብሎ ሊጠይቀው ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ሰው ጠባይ አንድ ነገር ልበል። ነርሷ «ምን ሆነው ነው?» ስትል «ምንም አይደል፣ ትንሽ ወድቄ ነው» ማለት ይቀናናል። ጨዋነት ነው፤ ግን እርሷ የምትጽፈው የሰማችውን ነው። የት፣ መቼ፣ በምን ምክንያት፣ ምን ጋር እንደተጋጩ በቅደም ተከተል ይንገሩ። የሚያመውን ሁሉ ይዘርዝሩ፤ ከንፈር፣ አገጭ፣ አንገት ሳይቀር። ያልሆነውን አይጨምሩ፣ የሆነውንም አያሳንሱ። በተለይ ሲያኝኩ የተሰበረ ጥርስ በአብዛኛው የኢንሹራንስ ውል ውስጥ እንደ አደጋ አይቆጠርም። ሰኞ ወድቀው የተሰነጠቀው ጥርስ ማክሰኞ ዳቦ ሲበሉ ተገንጥሎ ከሆነ፣ የሰኞውን ውድቀት ሳይናገሩ የማክሰኞውን ዳቦ ብቻ ካወሩ እውነቱ ራሱ ጠፋ ማለት ነው።

በስልክዎ አፍዎን፣ ፊትዎን፣ የወደቁበትን ቦታ፣ በረዶውን ወይም የተሰበረውን ደረጃ ፎቶ ያንሱ። የተሰበረውን ቁራጭ አይጣሉ፤ ሐኪሙ መልሶ ሊያጣብቀው የሚችልበት ጊዜ አለ። ያዩ ሰዎችን ስምና ስልክ ይያዙ።

ደረጃ 2፦ ከፋዩ ማን እንደሆነ መለየት

ሁሉም ነገር የሚወሰነው አደጋው የት ደረሰ በሚለው ነው።

*ሥራ ላይ ከሆነ።* የሠራተኞች ካሳ፣ ማለትም ወርከርስ ኮምፕ፣ ይከፍላል። ጥፋቱ የእርስዎ ቢሆን እንኳ ይከፍላል፤ ኮፔይም (በየጉብኝቱ የሚከፍሉት ድርሻ) ዲዳክቲብልም (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስዎ የሚወጣው) የለውም። ቀኑ ግን አጭር ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ለአሠሪው በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ፣ ክሌሙን ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ ለክልሉ የሠራተኞች ካሳ ኮሚሽን ማስገባት ይጠበቅብዎታል፤ 2 ዓመት ካለፈ በሩ ይዘጋል። በቨርጂኒያ ማሳወቂያው 30 ቀን፣ ክሌሙ 2 ዓመት ነው። በዲሲ 30 ቀንና 1 ዓመት ነው። አለቃዎ «ዝም በል፣ በራስህ ኢንሹራንስ ታከም» ቢልዎ አይስሙ። የጤና ኢንሹራንስ የሥራ ላይ ጉዳት መሆኑን ሲያውቅ የከፈለውን መልሶ ሊወስድ ይችላል፤ ያን ጊዜ የወርከርስ ኮምፑ ቀንም አልፎ ይሆናል። ማሳወቂያውን በጽሑፍ ያድርጉት፤ በቴክስትም ቢሆን ማስረጃ ነው።

ኡበርና ሊፍት የምትነዱ ወገኖች በአብዛኛው እንደ ተቀጣሪ ስለማትቆጠሩ ወርከርስ ኮምፕ አይመለከታችሁም። አፑ በርቶ ሳለ ለደረሰ አደጋ የግል የመኪና ኢንሹራንስም ብዙ ጊዜ አይከፍልም። ስለዚህ አደጋውን ወዲያውኑ በአፑ ውስጥ አስመዝግቡ፤ በራሳችሁ የገዛችሁት የአሽከርካሪ ጉዳት ሽፋን ካለም ፈትሹ።

*መኪና ውስጥ ወይም በመኪና ተገጭተው ከሆነ።* ሜሪላንድ ውስጥ ፒፕ የሚባል ሽፋን አለ። ባለቤቱ በጽሑፍ ካልተወው በቀር ቢያንስ 2,500 ዶላር ይዟል፣ የጥርስ ሕክምናንም ይጨምራል፤ ጥፋተኛው ማነው ሳይል ይከፍላል። ተሳፋሪም ቢሆኑ መጠየቅ ይችላሉ። ማመልከቻው ግን ዓመት ሳይሞላ መግባት አለበት። በቨርጂኒያ ተመሳሳዩ ሜድፔይ ይባላል፤ የገዛው ሰው ብቻ ነው ያለው። ዲሲ ውስጥ ፒፕ ያለበት መኪና ከሆነ በ60 ቀን ውስጥ መጠቀም አለመጠቀምዎን መምረጥ አለብዎት፤ ፒፑን ከመረጡ ጥፋተኛውን የመክሰስ መብትዎ ይጠባል፤ ስለዚህ ጠበቃ ሳያማክሩ እንዳይፈርሙ። በሦስቱም ቦታ የፖሊስ ሪፖርት ቁጥሩን ይያዙ፤ ሪፖርቱ ላይ «ጉዳት የለም» ተብሎ ከተጻፈና ጥርስዎ ማታ ላይ ማመም ከጀመረ የዚያኑ ምሽት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

*ሰው ቤት ወይም ሱቅ ውስጥ ከሆነ።* የቤት ባለቤት ኢንሹራንስ ውስጥ ለእንግዳ ሕክምና የሚከፍል ክፍል አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ1,000 እስከ 5,000 ዶላር ነው። ማንንም ጥፋተኛ ማድረግ አያስፈልገውም። ዘመድ ቤት የወደቀ ልጅ ጥርሱ ሲሰበር «እንዴት ዘመዴን እከሳለሁ?» ብለው የሚተዉ ብዙ ናቸው። ክስ አይደለም። ባለቤቱ ለራሱ ኢንሹራንስ ደውሎ «እንግዳዬ ቤቴ ውስጥ ተጎድቷል» ማለቱ ብቻ ይበቃል።

*ትምህርት ቤት ወይም ኳስ ሜዳ ከሆነ።* የትምህርት ቤቱን የአደጋ ሪፖርት ቅጂ ይጠይቁ፤ የተማሪ አክሲደንት ኢንሹራንስ ካለም ይጠይቁ። እሱ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው የቤተሰቡ ኢንሹራንስ ከከፈለ በኋላ የቀረውን ነው።

*ከእነዚህ አንዱም ካልሆነ* የጤና ኢንሹራንስዎ ይቀድማል፣ የጥርሱ ይከተላል። የጤና ኢንሹራንሱ የጥቅም መጽሐፍ ውስጥ «በአደጋ የተጎዳ ጤነኛ የተፈጥሮ ጥርስ» የሚል አንቀጽ ይፈልጉ። መጽሐፉ ረጅም ነውና በፒዲኤፉ መፈለጊያ «teeth» (ቲዝ) እና «accidental» (አክሲደንታል) የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ይጻፉ። እዚያ አንቀጽ ላይ ሦስት ነገር ያንብቡ፦ ሕክምናው በስንት ጊዜ ውስጥ መጀመርና ማለቅ እንዳለበት፣ ኢምፕላንት (መንጋጋ ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ) ይሸፈን እንደሆነ፣ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ። ውሎች እዚህ ላይ በጣም ይለያያሉ፤ የጎረቤትዎ ካርድ ላይ ያው የኩባንያ ስም ስላለ ብቻ ያው ውል ነው ማለት አይደለም።

ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና ሽፋን) ያላቸው ደግሞ ይህን ይወቁ፦ ከ21 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በሁሉም ክልል የጥርስ ሽፋን አላቸው። ለአዋቂዎች ቨርጂኒያ ከጁላይ 2021፣ ሜሪላንድ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ የጥርስ ሕክምናን ጨምረዋል። ሜዲኬድ የሚቀበል ሐኪም ጋር ይሂዱ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ የደመወዝ ወረቀትዎን ያውጡና ይመልከቱት። በሆቴል፣ በሆስፒታልና በትልልቅ ድርጅቶች የሚሠሩ ብዙዎች ሲቀጠሩ የፈረሙት «አክሲደንት» የሚል ትንሽ ተቆራጭ አላቸው፤ መኖሩንም ረስተውታል። ይህ ከሌላው ሁሉ የተለየ ነው፤ ሌላ ኢንሹራንስ ከፈለም አልከፈለም ለተሰበረ ጥርስ የተወሰነ ጥሬ ገንዘብ ለእርስዎ በቀጥታ ይሰጣል። ክፍያው ብዙ ጊዜ በክራውን ወይም በመንቀል ይለካል። የሐኪሙን ደረሰኝና የአደጋውን መግለጫ ማያያዝ በቂ ነው።

ደረጃ 3፦ ሐኪሙ የሚጽፈውን ማረጋገጥ

ክሌም የሚያሸንፈውም የሚወድቀውም እዚህ ነው። ሐኪሙ ጥሩ ሊያክም ይችላል፤ ወረቀቱ ካልተናገረለት ግን ኢንሹራንሱ ያንን አያይም።

በመጀመሪያ የተሰበረውን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቶቹንም ጥርሶች እንዲመረምርና ራጅ እንዲያነሳ ይጠይቁ። ዛሬ ደህና የሚመስል ጥርስ ከወራት በኋላ ጠቁሮ ነርቩ ሊሞት ይችላል። የአደጋው ሰሞን መዝገብ ላይ ስሙ ካልተጠራ በኋላ ከአደጋው ጋር ማያያዝ ከባድ ነው።

ሁለተኛ፣ ከአደጋው በፊት የተነሳ ራጅ ካለዎት ከቀድሞው ክሊኒክ ያስመጡ። ጥርሱ ጤነኛ እንደነበር የሚያሳይ ከዚያ የበለጠ ማስረጃ የለም። በፊት የተሞላ ጥርስ ቢሆንም ተስፋ አይቁረጡ፤ ሙሌት ያለበትን ጥርስ የሚቀበሉ ውሎች አሉ።

ቀድሞ የታከሙት ኢትዮጵያ ከሆነ የጥርስ ቁጥር አቆጣጠሩ ላይ ይጠንቀቁ። አገር ቤት የላይኛው ቀኝ የፊት ጥርስ 11 ቁጥር ነው። አሜሪካ ውስጥ ያው ጥርስ 8 ቁጥር ሲሆን፣ 11 የሚባለው በግራ በኩል ያለው የላይኛው የውሻ ጥርስ ነው። የአዲስ አበባ መዝገብ «11 ጤነኛ ነው» ቢል፣ እዚህ ያለው ገምጋሚ ስለ ሌላ ጥርስ የተጻፈ መስሎት ሊያልፈው ይችላል። ሐኪሙ አንድ መስመር ማብራሪያ ይጨምርበት። ቀኑም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ እንዲሁ።

ሦስተኛው የምርመራ ኮዱ ነው። የጥርስ ጉዳት ኮድ በእንግሊዝኛው ኤስ ፊደል ይጀምራል፤ የጥርስ በሽታ ኮድ ደግሞ በኬ ይጀምራል። በአደጋ ለተሰበረ ጥርስ በኬ የሚጀምር ኮድ ብቻ ከተላከ፣ የኢንሹራንሱ ሰው የሚያነበው «የተበላሸ ጥርስ» ብሎ ነው፣ ይዘጋዋልም። ወረቀቱን ከመላኩ በፊት «ኮዱ በምን ፊደል ይጀምራል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አራተኛ፣ ሐኪሙ አጭር የመግለጫ ደብዳቤ ይጻፍልዎ። ይዘቱ ይህን ይመስላል፦

«የ34 ዓመት ሴት። ጃንዋሪ 22፣ 2025 ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት በረዶ በሸፈነው የቤቷ ደረጃ ላይ አዳልጧት ወድቃ አፏ ከብረቱ መደገፊያ ጋር ተጋጭቷል። ጥርስ ቁጥር 8 በግማሽ ተሰብሮ ነርቩ ተጋልጧል፤ ቁጥር 9 ተነቃንቋል። ሁለቱም ከአደጋው በፊት ሙሌትም መበስበስም አልነበራቸውም፤ በኦገስት 2024 የተነሳው ራጅ ተያይዟል። ቁጥር 8 ሩት ካናልና ክራውን ያስፈልገዋል። ቁጥር 9 ለ2 ሳምንት ታስሮ ክትትል ይደረግለታል፤ ወደፊት ሩት ካናል ሊያስፈልገው ይችላል።»

ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የተጋጨው ነገር፣ የጥርሱ ቁጥር፣ የበፊት ሁኔታው፣ የወደፊቱ ሁሉ አለበት። «ጥርሷ ተሰብሮ ክራውን ተሠራላት» ከሚል ደብዳቤ ጋር ያወዳድሩት።

ደረጃ 4፦ ክሌሙን ማስገባት

ለጥርስ ኢንሹራንስ የሚሄደው ፎርም ላይ 45ኛው ሣጥን ሕክምናው ከሥራ፣ ከመኪና ወይም ከሌላ አደጋ የመጣ መሆኑን ይጠይቃል፤ 46ኛው የአደጋውን ቀን። ለጤና ኢንሹራንስ የሚሄደው ሲኤምኤስ-1500 ላይ ያው ጥያቄ 10ኛው ሣጥን ላይ ነው። እነዚህ ባዶ ከሆኑ ክሌሙ እንደ ተራ ጥርስ ሕክምና ይታያል። ቅጂውን ይጠይቁና በዓይንዎ ይዩ።

ብዙ የጥርስ ክሊኒኮች ለጤና ኢንሹራንስ ክሌም አይልኩም፤ ያልለመዱት ነውና። ያን ጊዜ ራስዎ ይልካሉ። ከኢንሹራንሱ ድረ ገጽ የአባል ክሌም ፎርም ያውርዱ፤ ከክሊኒኩ ደግሞ ዝርዝር ደረሰኝ ይጠይቁ። የክሬዲት ካርድ ወረቀት አይበቃም። ደረሰኙ የሐኪሙን ስም፣ ኤንፒአይ የሚባለውን ቁጥሩን፣ የታክስ ቁጥሩን፣ የሕክምናውን ቀን፣ የሕክምናና የምርመራ ኮዶችን፣ የጥርሱን ቁጥር፣ የተጠየቀውንና የተከፈለውን ገንዘብ መያዝ አለበት። ማስገቢያው ጊዜ እንደ ውሉ ነው፤ 90 ቀን ብቻ የሚሰጥም አለ።

ለድንገተኛ ሕክምና አስቀድሞ ፈቃድ አያስፈልግም። ለክራውን፣ ለኢምፕላንትና ለሚከተለው ሥራ ግን ሥራው ሳይጀመር ክሊኒኩ ቅድመ ፈቃድ ይጠይቅ። የጥርስ ሐኪሞች በጤና ኢንሹራንስ ኔትወርክ (ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ባላቸው ሐኪሞች ዝርዝር) ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኙም፤ ለኢንሹራንሱ ደውለው «ይህን የሚሠራ ሐኪም በኔትወርካችሁ ስጡኝ» ይበሉ። ከሌለ እንደ ኔትወርክ ሐኪም እንዲከፍሉ ልዩ ፈቃድ ይጠይቁ። የደወሉበትን ቀን፣ ያነጋገሩትን ሰው ስምና የጥሪውን ቁጥር ይመዝግቡ።

ከዚያ በኋላ ፖስታ ሳጥንዎን ይከታተሉ። ክሌሙ ከገባ በኋላ ኢንሹራንሱ አደጋው እንዴት እንደደረሰና ሌላ ከፋይ መኖሩን የሚጠይቅ ደብዳቤ ይልካል። ደብዳቤው የማስታወቂያ ስለሚመስል ይጣላል። ካልተመለሰ ክሌሙ ይቆማል፣ ከዚያ ይዘጋል፤ ሰውዬው ግን «ኢንሹራንሴ አልከፍል አለ» እያለ ይኖራል። ከውድቅ መልሶች ሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ አሥር ደቂቃ የማይወስድ ወረቀት ነበርና። ሲሞሉት ለሐኪሙ ከነገሩት ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። ጥፋተኛ ሌላ ሰው ካለ በእውነት ይጻፉ፤ ከዚያ ሰው ካሳ ሲያገኙ የጤና ኢንሹራንስዎ የከፈለውን መልሶ ሊጠይቅ እንደሚችልም ከአሁኑ ይወቁ።

ደረጃ 5፦ ፋይሉን ቶሎ አለመዝጋት

የሌላው ወገን ኢንሹራንስ ቼክ ይዞ ፈጥኖ ሊመጣ ይችላል፤ ከቼኩ ጋር ግን ሌላ ምንም አልጠይቅም የሚል ወረቀት አለ። ጥርስ ደግሞ ጉዳቱን ቀስ ብሎ ነው የሚያሳየው። ወልቆ የተመለሰ ጥርስ ክትትሉ ቢያንስ 5 ዓመት ይሄዳል፤ ሥሩ ቀስ በቀስ ሊሟሟ ይችላልና። የ4 ዓመት ልጅ የወተት ጥርሱ ሲመታ ጉዳቱ በቋሚው ጥርስ ላይ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ክራውንም ዕድሜ ልክ አይቆይም። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ሐኪሙ የወደፊቱን ሕክምናና ግምታዊ ዋጋውን በጽሑፍ ያውጣ። ጥፋተኛውን ለመክሰስ ሜሪላንድና ዲሲ 3 ዓመት፣ ቨርጂኒያ 2 ዓመት ይሰጣሉና በችኮላ የሚፈረም ነገር የለም።

ደረጃ 6፦ ውድቅ ከተደረገ

መጀመሪያ ምክንያቱን ያንብቡ። «መረጃ ጎደለ» ከሆነ ይግባኝ ሳይሆን የጎደለውን መላክ ነው። «የጥርስ ሕክምና አይሸፈንም» ካለ ግን ይግባኝ ይበሉ፤ ይህ መልስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው አደጋ መሆኑ ሳይታይ ነው። ከውድቅ ደብዳቤው ጀምሮ 180 ቀን አለዎት። ደብዳቤዎ አጭር ይሁን፦ የውሉን አንቀጽ ከነገጽ ቁጥሩ ይጥቀሱ፣ የአደጋውን ቀን ይጻፉ፣ የሐኪሙን መግለጫ፣ የበፊትና የኋላ ራጅ፣ ፎቶና የድንገተኛ ክፍል መዝገብ ያያይዙ። ለታከሙት ሕክምና መልሱ በአጠቃላይ በ60 ቀን ውስጥ መምጣት አለበት። ክሊኒኩም ሂሳቡን ወደ ዕዳ ሰብሳቢ እንዳይልክ ይግባኝ ላይ መሆንዎን በጽሑፍ ያሳውቁት።

የጤና ኢንሹራንሱ ይግባኙንም ካልተቀበለና ምክንያቱ የሕክምና ውሳኔ ከሆነ፣ በ4 ወር ውስጥ ከኩባንያው ውጪ የሆነ ገለልተኛ ገምጋሚ እንዲያየው መጠየቅ ይችላሉ። የገምጋሚውን ውሳኔ ኩባንያው የመቀበል ግዴታ አለበት። ለአቤቱታ በሜሪላንድ የክልሉ የኢንሹራንስ አስተዳደር፣ በቨርጂኒያ የኢንሹራንስ ቢሮው፣ በዲሲ የኢንሹራንስ፣ ሴኩሪቲስና ባንኪንግ መሥሪያ ቤቱ አለ። ሜሪላንድ ውስጥ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ የጤና ተሟጋች ክፍል ይግባኙን ከእርስዎ ጋር ሆኖ በነፃ ይሠራል። አሠሪዎ ራሱ የሚከፍለው ኢንሹራንስ ከሆነ፣ ይህንንም ኤችአር (የሠራተኛ አስተዳደር ክፍሉ) ይነግርዎታል፣ አቤቱታው ለፌዴራሉ የሠራተኛ ሚኒስቴር ነው።

እንግሊዝኛው አስቸግሮዎት ከሆነ ልጅዎን ወይም ጎረቤትዎን አያስቸግሩ። ለጤና ኢንሹራንሱ ሲደውሉ «አምሃሪክ ኢንተርፕሬተር» ይበሉ፤ አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባሉ። የዲሲ መንግሥት መሥሪያ ቤቶችም በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛን ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርገውታል። አስተርጓሚው መስመር ላይ ሲገባ መጀመሪያ የክሌም ቁጥሩን ይስጡ፣ ከዚያ የአደጋውን ቀን፣ ከዚያ የጥርሱን ቁጥር።